ደረት ላይ የተጋገረ አክታ፦ አቅጣኝ መድኃኒት እንዴት ይወሰዳል?

በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ በክረምት ወራት በመስኮቱ በኩል የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የሳል ሽሮፕ ስጡኝ።» ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው ብዬ ስጠይቅ ገዢው ይሰላቻል። «ሳል ሳል ነው፤ ብቻ የሚያቆመውን ስጡኝ» የሚሉኝ ጥቂት አይደሉም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት ሳል አያቆምም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳሉ ሊበረታ ይችላል፤ ደረት ላይ ተጋግሮ የነበረው ሲላላ መውጫ ይፈልጋልና። ይህ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ቀን «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል፤ አለዚያም ሳል የሚያፍን ሌላ ጠርሙስ ገዝቶ ይደርብበታል። የተላላው አክታ ያን ጊዜ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ ካለው ነገር እንጀምር።

1. ሳሉን ይለዩ

አቅጣኝ መድኃኒት የሚረዳው አክታ ያለውን ሳል ብቻ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በጥልቀት ይተንፍሱና ይሳሉ። ከደረት ውስጥ ሽሮ በድስት ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ ከተሰማና ወደ ጉሮሮ የሚመጣ ነገር ካለ ሳሉ አክታ አለው። ጉሮሮን እየከረከረ፣ ምንም ሳያወጣ ተከታትሎ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ለእርሱ አቅጣኝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ደረቅ ሳል አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሽሮፕ እየቀያየሩ ግማሽ ዓመት የገፉ አንዲት እናት ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ ቀን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ለመንኋቸው፤ ኢናላፕሪሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሐኪማቸው በሌላ የግፊት መድኃኒት ሲተካላቸው ሳሉ በሳምንታት ውስጥ ለቀቃቸው። የግፊት መድኃኒት በራስ ፈቃድ እንደማይቋረጥ ግን ይታወቅ።

ቀጥሎ፣ ሽሮፕ ከመግዛት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባባቸውን ሁኔታዎች ይመልከቱ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በአገራችን የጤና አሠራር መሠረት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። ነቀርሳ ላለበት ሰው ሽሮፕ መስጠት ለበሽታው ዕድሜ መስጠት ነው። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ከ3 ቀን በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠርና የከንፈር መጥቆር ካሉ አይጠብቁ።

ለሕፃናት መለኪያው ትንፋሽ ነው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገው ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም ቁጥሩን ሳይጨርሱ ይውሰዱት።

የአክታው ቀለም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነ ማለት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ተራ ጉንፋንም ያን ቀለም ያመጣል።

2. መድኃኒቶቹን በስማቸው ይወቁ

አክታን አጣብቆ የሚይዘው ሙሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ክሮቹ በሰልፈር ድልድዮች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ። አሴቲልሲስቲን የሚሠራው እነዚህን ድልድዮች በመቁረጥ ነው፤ መረቡ ሲፈታ አክታው ይቀጥናል። መድኃኒቱ ራሱም ሰልፈር ስላለበት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ጠረን አለው። ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱልኝ አሉ፤ አልተበላሸም፣ ጠረኑ ነው። ለአዋቂ የተለመደው መጠን በቀን 600 ሚሊግራም ነው፤ በአንድ ጊዜ፣ ወይም 200 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ።

ካርቦሲስቲን ለየት ይላል። ያለውን አክታ ከመቁረጥ ይልቅ አዲስ የሚመነጨውን አክታ ቅንብር ይለውጣል። አዋቂዎች በአብዛኛው 750 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይጀምሩና ሲሻላቸው ይቀንሳሉ።

ብሮምሄክሲን (8 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ) እና አምብሮክሶል (30 ሚሊግራም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ) ዘመዳሞች ናቸው። አምብሮክሶል ሰውነት ብሮምሄክሲንን ሲፈጭ የሚያገኘው ውጤት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መውሰድ አንዱን ሁለት ጊዜ እንደ መውሰድ ነው።

ብሮምሄክሲን ሲሠራ መነሻ የሆነው ቫሲሲን የተባለ ንጥረ ነገር የተገኘው በሕንድ አገር ለሳል ሲያገለግል ከኖረ ቁጥቋጦ ነው። ገጠር ያደገ ሰው የሚያውቀው፣ ለአጥር የሚተከለው የእኛ ሰንሰል (ስሚዛ የሚሉትም አሉ) የዚያ ቁጥቋጦ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ቅጠሉን ጨምቄ ብጠጣውስ?» የሚሉኝ አይጠፉም። አይጠጡት። ዝምድናው አንድ ዓይነት መድኃኒት አያደርጋቸውም፤ በጭማቂው ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለም የሚለካ የለም።

አምስተኛው ጓያፌኔሲን ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት የሳል መድኃኒቶች በአብዛኛው ይህን የያዙ ናቸው። አየር ቧንቧ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በማብዛት አክታውን ያላላል። ለአዋቂ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ኪኒን በየ12 ሰዓቱ አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ አይሰበርም፣ አይፈጭም።

የንግድ ስሞቹ በየአገሩ ይለያያሉ። ፍሉዪሙሲልና ኤሲሲ አሴቲልሲስቲን ናቸው፤ ቢሶልቮን ብሮምሄክሲን፣ ሙኮሶልቫን አምብሮክሶል፣ ሙሲኔክስ ጓያፌኔሲን። አንዱ ወንድም ከጀርመን፣ ሌላዋ እህት ከአሜሪካ የላኩት ካርቶን አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኝ እናት ሁለቱንም ይወስዳሉ። ሁልጊዜ ከትልቁ ጽሑፍ በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ይፈልጉ።

ከእነዚህ ምን ይጠበቃል? እውነቱን ለመናገር ለተራ ጉንፋን ጥቅማቸው መጠነኛ ነው፤ አብዛኛው የጉንፋን ሳል በ3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። የረጅም ጊዜ የሳንባ በሽታ ላለባቸው፣ ለምሳሌ ለዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ወይም በማገዶ ጭስ ውስጥ የኖሩ ሰዎች፣ በሐኪም ትእዛዝ ሳያቋርጡ ሲወስዱት ሕመሙ የሚያገረሽበትን ጊዜ በጥቂቱ ይቀንስላቸዋል።

3. መውሰድ የሌለበት ማን ነው?

ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በመጀመሪያ ይመጣሉ። ፈረንሳይ አሴቲልሲስቲንና ካርቦሲስቲን ለእነዚህ ሕፃናት እንዳይሰጡ ያገደችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሕፃን አክታውን ስሎ የማስወጣት አቅም የለውም፤ የቀጠነው በጠባቡ ቧንቧው ውስጥ ይሞላበታል። በአሜሪካም የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ማሸጊያ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ያስጠነቅቃል። አልጋ ላይ የዋሉ፣ ስትሮክ የመታቸው ወይም መሳል የተሳናቸው አዛውንቶችም በዚሁ ምክንያት ያለሐኪም መውሰድ የለባቸውም።

የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ለፋርማሲስቱ አስቀድሞ ይንገር፤ እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን መከላከያ ሽፋንም ሊነኩ ይችላሉ፤ ካርቦሲስቲን ቁስለቱ ባገረሸበት ወቅት ጨርሶ አይወሰድም። የአስም ሕመምተኛ በተለይ አሴቲልሲስቲን ሲጀምር ደረቱ ሊጠብበትና ሲር ሲር ሊል ይችላል። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ከአሴቲልሲስቲን ጋር ሲቀላቅለው ግፊቱ ሊወርድና ኃይለኛ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟው ኪኒን ሶዲየም ስላለበት ጨው የተከለከለ ሰው መጠኑን ይጠይቅ። ስኳር ያለበት ደግሞ ሽሮፑ ስኳር እንዳለውና እንደሌለው ይይ። እርጉዝ ሴት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ሳትጠይቅ ምንም አትውሰድ።

4. ጽሑፉን ያንብቡ

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ሁለት ነገር ይፈልጉ።

መጀመሪያ ጥንካሬው። አንድ አምብሮክሶል ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 15 ሚሊግራም ሲይዝ፣ ጎኑ የተቀመጠው ሌላ በዚያው 5 ሚሊሊትር 30 ሚሊግራም ይይዛል። 30 ሚሊግራም የታዘዘለት አዋቂ ከመጀመሪያው 10 ሚሊሊትር፣ ከሁለተኛው 5 ሚሊሊትር ብቻ ይወስዳል። «ባለፈው ሁለት ክዳን ነበር የምወስደው» የሚለው ትዝታ እዚህ ጋ ያሳስታል። መለኪያውም የወጥ ቤት ማንኪያ አይሁን፤ የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ትንሽ ኩባያ ከጠፋ፣ ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይግዙ።

ሁለተኛው፣ አብሮ የተቀላቀለው ነገር ነው። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ አክታ የሚያላላ ጓያፌኔሲንና ሳል የሚያፍን ዴክስትሮሜቶርፋን ተቀላቅለው ይሸጣሉ። አንድ እጅ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው እጅ ይቀረቅረዋል። አክታ ላለው ሳል እኔ ይህን ቅልቅል አልመክርም። ኮዴይን ያለበት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽም ይደክማል፤ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያለፈቃድ ይዞ መግባትም በሕግ ያስጠይቃል። ሱዶኤፌድሪን የተጨመረበት ደግሞ የአፍንጫ መዘጋት ይከፍታል፣ ግን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለወላጆቻችሁ ከውጭ የምትልኩ፣ ሌላ ሁሉ ቢቀር ይህን አጣሩ።

ከየት እንደገዙም ይታሰብበት። በ2022 እ.ኤ.አ. በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት የሞቱት ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል በተባሉ መርዛማ ፈሳሾች ከተበከሉ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ጋር በተያያዘ የኩላሊት ጉዳት ነው። ከጉልት፣ ከሱቅ፣ ወይም የአምራቹ ስምና የምርት ቁጥር ከሌለው ጠርሙስ ሽሮፕ አይግዙ።

5. አወሳሰዱ

የሚሟሟውን ኪኒን እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይቅዱ። ኪኒኑን በደረቅ እጅ ከቱቦው ያውጡና ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ፤ ክዳኑ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ፍሬ ካልተዘጋበት የቀሩት ኪኒኖች በቀናት ውስጥ ይረጥባሉ። ኪኒኑን ውኃው ውስጥ ይጣሉት፤ ይፈላል፣ ይዞራል፣ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። መፍላቱ እስኪያልቅ ይጠብቁና ወዲያው ይጠጡት። ለማታ ተርፎ የሚቀመጥ አይደለም። ሌላ መድኃኒት በዚያው ብርጭቆ አይቀላቅሉ። ኪኒኑን አፍ ውስጥ ማኘክ ወይም መምጠጥም አይገባም፤ አንድ ጎረምሳ እንደ ከረሜላ መጥጦት ምላሱ ሁሉ አረፋ ሆኖ መጥቶ ያውቃል።

አንቲባዮቲክ አብሮ ታዝዞልዎት ከሆነ በእርሱና በአሴቲልሲስቲን መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ያሳልፉ።

በቀን ሦስት ጊዜ ሲባል ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት እና አመሻሹ ላይ 12 ሰዓት ይመቻል። የመጨረሻው ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቀድም ጥሩ ነው፤ አክታው ላልቶ የሚወጣው ተቀምጠው እንጂ ተኝተው አይደለም። ከውጭ አገር በስልክ «8 ሰዓት ላይ ውሰጂ» ተብለው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ድረስ ሳይወስዱ የሚቆዩ እናቶች አሉ፤ መልእክት ላኪው በኢትዮጵያ ሰዓት ይናገር። ጨጓራ የሚነካቸው ከምግብ በኋላ ይውሰዱ። የዘነጉትን መጠን በሚቀጥለው ጊዜ ደርቦ መውሰድ የለም። ጾም ላይ ያለ ሰው ካፕሱሉ ከእንስሳት በሚገኝ ጄላቲን የተሠራ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ፤ ሽሮፕ ወይም የሚሟሟ አማራጭ መጠየቅ ይችላል።

ውኃ ይጠጡ፤ ሞቅ ያለ ሻይም፣ አጥሚትም ያው ነው። ዋናው ነገር ሰውነት እንዳይደርቅ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን ከተፈቀደለት ፈሳሽ አያልፍ።

6. የተላላውን ያውጡት

በማሸጊያው ወረቀት ላይ የማይጻፈው፣ እኔ ግን ከኪኒኑ እኩል የምቆጥረው ይህ ክፍል ነው። መድኃኒቱ ያቀጥናል እንጂ አያወጣም። መድኃኒቱን በወሰዱ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ እንዲህ ያድርጉ።

ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትከሻዎን ይልቀቁት። አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ አድርገው ሦስት አራት ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ፤ እጁ ከፍ ዝቅ ሲል ይታይዎት። ቀጥሎ በአፍንጫ በጥልቀት ወደ ውስጥ ይሳቡና 2 ወይም 3 ሰከንድ ያቆዩት፤ አየሩ ከአክታው ኋላ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ መነጽር ለመወልወል «ሃህ» ብለው እንደሚተነፍሱት፣ አፍን ከፍተው ጉሮሮን ሳያጠብቁ፣ ሆድን ጨመቅ አድርገው አየሩን ይግፉ። አንዱ ረዘም ያለና ለስላሳ፣ ሁለተኛው አጠር ያለና ጠንከር ያለ ይሁን። አክታው ወደ ላይ ሲወጣ ደረት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ስለው በሶፍት ያውጡት። ዝም ብሎ በኃይል መሳል ጉሮሮን ያቆስላል፣ ቧንቧውን ያጣብቃል፣ ሰውን ያደክማል። ራስ ካዞረዎት ያርፉ። ሶፍቱን ሸፍነው ይጣሉ፣ እጅ ይታጠቡ።

በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን አፍንጫን ለጊዜው ይከፍት ይሆናል። የፈላ ድስት ላይ ተከናንቦ መደፋት ግን፣ በተለይ ልጅን፣ ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል፤ የሙቅ ገላ መታጠቢያ እንፋሎት በቂ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የሌሊቱን ሳል ያስታግሳል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ግን ማር ቦቱሊዝም የተባለ፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ክልክል ነው። የታመመ ሰው ባለበት ክፍል ከሰልና ዕጣን ማጨሱን ለጥቂት ቀን ያቆዩት። ቡናው ያለ ዕጣን ቢፈላ ማንም አይቀየምም።

7. መቼ ይቆማል?

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መታወክና ተቅማጥ ቀላልና የተለመዱ ናቸው። ሽፍታ፣ የፊት ወይም የከንፈር ማበጥ፣ የአፍና የዐይን መቁሰል፣ የቆዳ መላጥ፣ ወይም አዲስ የመጣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካዩ በዚያው ቀን ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 እ.ኤ.አ. በአምብሮክሶልና በብሮምሄክሲን ላይ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ዓይነቱ ከባድ አለርጂና የቆዳ ጉዳት ነበር፤ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ሲያጋጥም ግን አይቀልም።

በራስዎ የጀመሩትን ከ5 ቀን በላይ አይግፉት። በ5 ቀን አክታው ካልቀጠነ ወይም ከባሰ ሌላ ሽሮፕ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋል። ከሻለዎትም ጠርሙሱን ለመጨረስ ብለው አይቀጥሉ፤ እንደ አንቲባዮቲክ ተቆጥሮ የሚጨረስ ነገር አይደለም።

በመሣሪያ ወደ ሳንባ የሚነፋው አቅጣኝ ሌላ ጉዳይ ነው። በሚነፋ መልክ የተዘጋጀ አሴቲልሲስቲንም ሆነ ጨው የበዛበት ውኃ ቧንቧውን በድንገት ሊያጠብ ስለሚችል፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በአብዛኛው አስቀድሞ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) ተሰጥቶ ነው የሚወሰደው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ኪኒን በጥብጦ ኔቡላይዘር ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው፤ ጣዕም ማጣፈጫውና የሚያፈላው ዱቄት ለሳንባ አልተሠራም። ይህን ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል፤ ደግነቱ ገና መሣሪያውን ሳያበራ ደውሎ ጠየቀኝ።

የተከፈተ ሽሮፕ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ከተከፈተ በኋላ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ማሸጊያው ላይ ይገኛል። ቀኑ ያለፈበትን ለጎረቤት ልጅ አያሻግሩ፤ ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሱት።